ባለ 4 እና ባለ 9 ትምህርት ቤት፦ የ150 ሺህ ዶላሩ ጥያቄ

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ማሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይተን ነው ያለነው። ወንዱ ልጃችን 9 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 4። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ዳውን ፔይመንት አጠራቅመን ሁለት ታውንሃውስ አየን። አንዱ እዚሁ አካባቢ ነው፣ 480 ሺህ ዶላር። ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ላይ 4 ይላል። ሌላው ወደ ሮክቪል አለፍ ብሎ ነው፣ 630 ሺህ። ትምህርት ቤቱ 9 ነው። ሁለቱም ባለ ሦስት መኝታ ናቸው። የባለቤቴ ወንድም “ለልጆቻችሁ ስትሉ ተቸገሩና ባለ 9ኙን ግዙ” ይለናል። ባለቤቴም ያንን ከገዛን የሌሊት ሥራ እጨምራለሁ እያለ ነው። ምን ይመክሩናል?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ያ ቤት የባለቤትሽን ሌሊት የሚበላ ከሆነ እኔ ብሆን አልገዛውም። ይህን ስል ግን ትምህርት ቤት ለውጥ አያመጣም ማለቴ አይደለም። ያመጣል። ጥያቄው ያንን 150 ሺህ ዶላር ስትጨምሩ በእጃችሁ የሚገባው ምንድን ነው የሚለው ነው። እሱን እንየው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሪልተራችሁን (የቤት ወኪላችሁን) «ጥሩ ትምህርት ቤት ያለው የት ነው?» ብትሉት ብዙ ጊዜ ወሬ ይቀይራል። ወይም የዌብሳይት ሊንክ ልኮላችሁ ዝም ይላል። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ገዢን በዘሩ፣ በትውልድ አገሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም ልጅ ስላለው ወደ አንድ ሰፈር መግፋትን ወይም ከአንድ ሰፈር ማራቅን ይከለክላል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ «እዚያ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው» የሚለው አነጋገር ለብዙ ዘመን «እዚያ ያሉት ነጮች ናቸው» ለማለት ሲያገለግል ኖሯል። ስለዚህ ፈቃዱን የሚወድ ወኪል ትምህርት ቤት አያሞግስም፣ አያጣጥልምም። እኔም የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሻል አልነግራችሁም። እንዴት እንደሚመረመር ግን እነግራችኋለሁ።

ከዋጋው እንጀምር። ትምህርት ቤት የቤትን ዋጋ ከፍ ማድረጉ እውነት ነው። ሳንድራ ብላክ የምትባል ኢኮኖሚስት በ1999 ባወጣችው ጥናት በቦስተን ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች ላይ ብልጠት ያለበት ነገር አደረገች። የትምህርት ቤት ክልል መስመር፣ ማለትም የትኛው አድራሻ ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄድ የሚለየው መስመር፣ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች መረጠችና ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ቤቶችን አነጻጸረች። ሰፈሩ ያው ነው። ግብሩ ያው ነው። ሱቁም ፓርኩም ያው ነው። የሚለየው ልጁ የሚሄድበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ውጤቱ፦ የትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት 5 በመቶ ከፍ ሲል ወላጆች ለቤቱ 2.5 በመቶ ያህል ይጨምራሉ። ይህ ደግሞ ሰፈርን ከሰፈር ዝም ብሎ በማወዳደር ከሚገኘው ቁጥር ግማሽ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ሰው «ለትምህርት ቤቱ ነው» ብሎ ከሚጨምረው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ለሌላ ነገር ይሄዳል። ለዛፉ፣ ለጸጥታው፣ ለባቡር ጣቢያው፣ ለጎረቤቱ።

የእናንተ ሁለት ቤቶች ልዩነት 31 በመቶ ነው። ያ ሁሉ የትምህርት ቤት ዋጋ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል። የቤቱ ዕድሜ፣ ጋራዡ፣ ቤዝመንቱ፣ ለሜትሮ ያለው ቅርበት፣ የኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ክፍያው ሁሉ ውስጡ አለ። ወኪላችሁን እንዲህ በሉት፦ «ባለ 9ኙ ክልል ውስጥ ከመስመሩ ዳር ያሉ፣ በዚህ ስድስት ወር የተሸጡ ታውንሃውሶችን አምጣልን። ከመስመሩ ማዶ ያሉትንም እንዲሁ።» ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ለትምህርት ቤቱ የምትከፍሉት ስንት እንደሆነ በግምት ይወጣል። ይህንን ሥራ ለመሥራት የሚሰለች ወኪል ካለ ቀይሩት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 4 እና 9 የሚለው ከየት መጣ? ዚሎውና ሬድፊን በሚባሉት የቤት መፈለጊያ ዌብሳይቶች ላይ የምታዩት ቁጥር ግሬትስኩልስ ከሚባል፣ በ1998 ከተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሚመጣ ነው። ከ1 እስከ 10 ነው። መንግሥት የሰጠው ደረጃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ለረጅም ጊዜ ቁጥሩ በአብዛኛው የፈተና ውጤት ብቻ ነበር። የፈተና ውጤት ደግሞ ከምንም በላይ የሚከተለው የወላጅን ገቢና የትምህርት ደረጃ ነው። ድርጅቱ ራሱ ይህንን ትችት ሰምቶ ከ2017 ጀምሮ ቀመሩን ቀይሯል። አሁን የተማሪዎች እድገትም፣ ማለትም ልጆቹ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደተሻሻሉ፣ ይገባበታል። ግን ዋናው ቁጥር አሁንም ሀብታም ሰፈር ላይ ከፍ ይላል።

እስቲ አንድ ልጅ አስቡ። ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ወይም ከሆንዱራስ መጥቶ አምስተኛ ክፍል ገባ። የእንግሊዝኛ ፈተናውን ወደቀ። የትምህርት ቤቱ ነጥብ ወረደ። ያ ልጅ «ሃው አር ዩ» እንኳ ሳይችል መጥቶ ዛሬ ሙሉ ገጽ እንደሚጽፍ ግን 4 የሚለው ቁጥር አይናገርም። እዚያው ከተማ ማዶ፣ አባቱም እናቱም ሐኪም የሆኑ ልጅ አንደኛ ክፍል ሳይገባ ማንበብ ችሎ ይመጣል። ፈተናውን ያልፋል። 9 የሚለው ቁጥር የትምህርት ቤቱ ነው ወይስ የእናቱ? የሁለቱም ይሆናል። ግን አብዛኛው የእናቱ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ተጫኑት። ውስጡ ተከፋፍሎ ይታያል። የተማሪ እድገት የሚለውን ለብቻው እዩ። አንድ ትምህርት ቤት በጠቅላላው 4 ሆኖ እድገቱ 7 ወይም 8 ከሆነ፣ እዚያ ውስጥ የሚሠራ መምህር አለ ማለት ነው። አጠቃላዩ 9 ሆኖ እድገቱ 5 ከሆነ ደግሞ ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት በመጡት እየኖሩ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ቁጥሩ በተማሪ ዓይነት የተከፋፈለበትን ተመልከቱ። ጥቁር ተማሪዎች፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ፣ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ። የእናንተ ልጆች የሚገቡት በዚያ ረድፍ ውስጥ ነው። አንዳንድ ባለ 9 ትምህርት ቤት ውስጥ ያ ረድፍ ብቻውን ሲታይ 4 ይሆናል። ያኔ 150 ሺህ ዶላር ጨምራችሁ የገዛችሁት የሌላ ሰው ልጅ ውጤት ነው።

የስቴቱን የራሱን መረጃም እዩ። የማሪላንድ ሪፖርት ካርድ ዌብሳይት ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ቨርጂኒያም የራሷ አላት። እኔ እዚያ ላይ በመጀመሪያ የማየው ከፍተኛ የቀሪነት ቁጥርን ነው። ከትምህርት ቀናቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሚቀሩ ልጆች ማለት ነው። ሩብ ያህሉ ልጅ የሚቀርበት ትምህርት ቤት ውስጥ መምህሩ በየሰኞው ያለፈውን ሳምንት ነው የሚደግመው። ይህ ቁጥር ከኮከቡ በላይ የክፍሉን ድባብ ይነግራችኋል።

ሌላ ብዙ ወገኖቻችን ልብ የማይሉት ነገር አለ። ኒው ጀርሲ ወይም ማሳቹሴትስ ውስጥ ያሉ ዘመዶቻችሁ የሚመክሯችሁ ምክር እዚህ ላይሠራ ይችላል። እዚያ ትንሹም ከተማ የራሱ የትምህርት ዲስትሪክት ይኖረዋል። የሀብታም ከተማ የቤት ግብር ለሀብታም ከተማ ልጆች ይውላል። ማሪላንድ ግን በጠቅላላው 24 ዲስትሪክት ብቻ ነው ያላት። 23 ካውንቲዎችና ባልቲሞር ከተማ። ሲልቨር ስፕሪንግም ሮክቪልም ያሉበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ150 ሺህ በላይ ተማሪና ከ200 በላይ ትምህርት ቤት በአንድ አስተዳደር ይይዛል። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ያለው ፌርፋክስ ካውንቲም ወደ 180 ሺህ ተማሪ በአንድ ቦርድ ሥር ነው። ስለዚህ የእናንተ ባለ 4 እና ባለ 9 በአንድ በጀት፣ በአንድ ሥርዓተ ትምህርት፣ በአንድ የመምህራን ደመወዝ እርከን ነው የሚሠሩት። እንዲያውም ችግረኛ ተማሪ ለሚበዛበት ተጨማሪ ገንዘብ ይመደባል፣ ክፍሉም አነስ ይላል።

ታዲያ ልዩነት የለም ወይ? አለ። እዚሁ በእናንተ ካውንቲ የተደረገ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ሄዘር ሽዋርትዝ የምትባል ተመራማሪ በ2010 ያወጣችው ነው። የካውንቲው የቤቶች ድርጅት ሀብታም ሰፈር ውስጥም መጠነኛ ሰፈር ውስጥም ቤቶች አሉት። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች የሚመድባቸው በዕጣ ነበር። ስለዚህ ማን የት እንደሚደርሰው ወላጅ አልመረጠም። ከ800 በላይ ልጆች ለዓመታት ታዩ። ችግረኛ ተማሪ ጥቂት ባለበት ትምህርት ቤት የተማሩት ልጆች አንደኛ ደረጃ ሲጨርሱ፣ በሒሳብ ችግረኛ ካልሆኑት የካውንቲው ልጆች ጋር የነበራቸውን ልዩነት በግማሽ አጥብበው ነበር። ካውንቲው ችግረኛ ለሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ገንዘብ እያፈሰሰ እንኳ በእነዚያ የተማሩት ይህን ያህል አላገኙም። እንግዲህ የባለቤትሽ ወንድም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የእነዚያ ልጆች ወላጆች ለዚያ ሰፈር ዋጋውን አልከፈሉም። ኪራያቸው በገቢያቸው ልክ ነበር። ልጁ ጥሩ ትምህርት ቤት ገባ፤ እናትየው ግን ለዚያ ስትል ሁለተኛ ሥራ አልጨመረችም። ጥናቱ ያሳየው ጥሩ ትምህርት ቤት ያለ ተጨማሪ ጭንቀት ሲገኝ የሚሆነውን ነው። ከአባት ከቤት መራቅ ጋር ሲመጣ የሚሆነውን አላሳየም። እኔ የምለውም ይህንኑ ነው፦ ወደ ጥሩ ትምህርት ቤት ክልል መግባት ከፈለጋችሁ በጠባቡ በር ግቡ። በሰፊው በር የምትገቡት ደመወዛችሁ ሲፈቅድ ነው።

ጠባቡ በር የቱ ነው? አንዱ ኤምፒዲዩ የሚባለው ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ1974 ጀምሮ አልሚዎች አዲስ ሰፈር ሲገነቡ ከቤቶቹ የተወሰነውን፣ ዛሬ ቢያንስ 12.5 በመቶውን፣ መጠነኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በቅናሽ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። እነዚህ ቤቶች ለብቻ ተነጥለው የተሠሩ አይደሉም። እዚያው ውድ ሰፈር መሀል ናቸው። ልጆቹም የሚሄዱት እዚያው ትምህርት ቤት ነው። የገቢ ጣሪያ አለው፣ ሥልጠና መውሰድ ያስፈልጋል፣ ዕጣም አለ። ለ30 ዓመት የመሸጫ ዋጋው ቁጥጥር ስላለበት እንደ ሌላው ቤት አትርፋችሁ አትሸጡትም። ይህ ብዙ አበሻን ያርቃል። «ቤት ገዝቼ ካላተረፍኩ ምን አለው?» ይላሉ። ዓላማችሁ ትምህርት ቤቱ ከሆነ ግን ትርፉ እሱ ነው። ፌርፋክስም ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው።

ሌላው በር ኪራይ ነው። የተከራይ ልጅ ከባለቤት ልጅ እኩል መብት አለው። ባለ 9ኙ ክልል ውስጥ አፓርታማ ወይም ኮንዶ አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከትልልቆቹ ቤቶች ጀርባ፣ ዋናው መንገድ ዳር አሮጌ የኮንዶ ግቢዎች ይገኛሉ። ኮንዶ ስትገዙ ግን የወር ክፍያውን ከሞርጌጁ ጋር ደምሩት። አንዳንዱ 700 ዶላር ደርሶ ርካሹን ቤት ውድ ያደርገዋል።

በር የማይባል ደግሞ አለ። የአጎትን አድራሻ መጠቀም። በማኅበረሰባችን ውስጥ የሚደረግ ነገር ስለሆነ በግልጽ ልናገረው። ሌላ ቦታ እየኖራችሁ በዘመድ አድራሻ ልጅ ማስመዝገብ ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ነው። ሲታወቅ ልጁ ከመሀል ዓመት ይወጣል። ከካውንቲው ውጭ የምትኖሩ ከሆነ የትምህርት ክፍያም ሊጠየቅ ይችላል። ከዘመድ ጋር በእውነት አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ግን ምንም ችግር የለውም። የጋራ መኖሪያ ቅጽ አለ፣ ባለቤቱ ይፈርማል፣ አለቀ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ጋ እንምጣ። መስመሩ ይንቀሳቀሳል።

ቤት ስትገዙ የገዛችሁት ግድግዳና ጣሪያ ነው። የትምህርት ቤቱ ክልል ውሉ ውስጥ የለም። የሊስቲንጉን (የቤቱን ማስታወቂያ) ታች ብታነቡ በደቃቅ ጽሑፍ «ገዢው ራሱ ከዲስትሪክቱ ያረጋግጥ» ይላል። ፌርፋክስ በ2024 ፖሊሲውን አሻሽሎ የትምህርት ቤት ክልሎች በየ5 ዓመቱ እንዲታዩ ወስኗል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሙሉ ክለሳ ለ40 ዓመት ገደማ አልተደረገም ነበር። በ2025 ደግሞ ኸርንደን አካባቢ ያለውን የሳዑዲዎችን የንጉሥ አብዱላህ አካዳሚ በ150 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊያደርገው ተነሳ። አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዙሪያው ያለው መስመር ሁሉ ይበወዛል። በእናንተም ካውንቲ ዉድዋርድና ክራውን የሚባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ምክንያት በ2025 ትልቅ የክልል ጥናት ይካሄድ ነበር። እንዲያውም ካውንቲውን በ6 ቀጠና ከፍሎ ልዩ ፕሮግራሞችን እንደገና የማደላደል እቅድ በ2025 ቀርቧል።

ሴት ልጃችሁ 4 ዓመቷ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የምትገባው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ በዚያ ሁለተኛ ደረጃ ስም ዋጋ መክፈል ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወንዱ ደግሞ 9 ነው። እዚህ ካውንቲ ሚድል ስኩል የሚጀምረው ከስድስተኛ ክፍል ስለሆነ በአንደኛ ደረጃው የሚቀረው ትንሽ ጊዜ ነው። የቤቱ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የተጻፈላችሁ 9 የአንደኛ ደረጃው ነው ብዬ እገምታለሁ። የሚድል ስኩሉን አይታችኋል? ለልጅሽ የሚያስፈልገው እሱ ነው። አንዳንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ልጆቹን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ወደ አንድ ሚድል ስኩል፣ ግማሹን ወደ ሌላ ይልካል። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ልጆች አብረው ፊደል ቆጥረው ስድስተኛ ክፍል ላይ ይለያያሉ። ሊስቲንጉ ይህንን አይነግራችሁም። የካውንቲው ትምህርት ቢሮ ዌብሳይት ላይ አድራሻውን ከነቤት ቁጥሩ ስታስገቡ ሦስቱንም ደረጃ ያወጣላችኋል። ከዚያ ወጥቶ ሰፈሩን በስሙ ማመን አይገባም። ሮክቪል የሚል ፖስታ አድራሻ ያላቸው ቤቶች በጣም የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ይደርሷቸዋል።

ባለ 4ቱ ቤትም የራሱ ያልታየ ነገር ሊኖረው ይችላል። ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን አካባቢ ዳውንካውንቲ ኮንሰርሽየም የሚባል አሠራር አለ። ብሌር፣ አይንስታይን፣ ኬኔዲ፣ ኖርዝዉድና ዊተን የሚባሉት አምስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንድ ላይ ናቸው። ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ በቅደም ተከተል መርጦ ይሞላል። በሰፈሩ ባለው ትምህርት ቤት ቦታው የተጠበቀ ነው፤ ሌላውን ከፈለገ በዕጣ ነው። ከላይ የነገርኳችሁ የቀጠና እቅድ ይህንን አሠራር የሚነካ ስለሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አሁን የጸናው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ብሌር ውስጥ ያለው የሒሳብና ሳይንስ ማግኔት (ተማሪ ተመርጦ የሚገባበት ልዩ ፕሮግራም) ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ በመላው አገሪቱ የሚታወቅ ፕሮግራም ነው። ያለው የት ነው? «አትግዙ» በሚባልበት ሰፈር።

ከወንዝ ማዶ ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ቶማስ ጀፈርሰን የሚባለውን የፌርፋክስ የሳይንስ ትምህርት ቤት የማያልም አበሻ ወላጅ የለም። በ2020 የመግቢያ ፈተናው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ የሕዝብ ሚድል ስኩል የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች 1.5 በመቶ የሚሆን ቦታ ይጠበቅላቸዋል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 አላይም ብሎ አልፎታል። እንግዲህ አስቡት። ሁሉም ጎበዝ በተከማቸበት ስመ ጥር ሚድል ስኩል ውስጥ ከላይኞቹ መሆን ይቀላል ወይስ ማንም በማይሻማበት? ውድ ሰፈር ገዝተው የልጃቸውን ዕድል ያጠበቡ ወላጆች አሉ።

ወደ ሒሳቡ። 150 ሺህ ዶላሩን ሁሉንም በብድር ጨመራችሁ እንበል። በ6.5 በመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት። በወር 948 ዶላር ይሆናል። የቤት ግብሩ ከዋጋው አንድ በመቶ አለፍ ስለሚል 130 ዶላር ገደማ ጨምሩበት። በወር ወደ 1,080 ዶላር ነው። ትንሿ ልጃችሁ ሁለተኛ ደረጃ እስክትጨርስ 14 ዓመት ብንል፣ ለብድሩ ብቻ የምትከፍሉት ወደ 159 ሺህ ዶላር ነው። ከዚያ ውስጥ ዕዳውን የሚቀንሰው 37 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። 122 ሺህ ያህሉ ወለድ ነው። እርግጥ ቤቱን ስትሸጡ ያ የዋጋ ልዩነት አብሮ ይሸጣል፣ መስመሩ ካልተነሳ። ጥሩ ስም ያለው ክልል ውስጥ ያለ ቤት ገበያ ሲቀዘቅዝም ገዢ አያጣም። ይህንን አልክድም። ወለዱ ግን አይመለስም።

1,080 ዶላር በኡበር ስንት ሌሊት ነው? ባለቤትሽ ያውቀዋል። ቤንዚኑን፣ የመኪናውን ድካም፣ ኢንሹራንሱን ቀንሳችሁ አስሉት። ከዚያ ልጁ የሒሳብ የቤት ሥራ ይዞ ሲቀመጥ አጠገቡ ማን እንደሚኖር ጠይቁ። አንቺም የሆስፒታል ሽፍት አለሽ። ያ ገንዘብ በሳምንት ሁለት ቀን ጥሩ አስጠኚ፣ በበጋም ካምፕ ሊሸፍን ይችላል።

እናንተን ብሆን የማደርገው ይህ ነው። ባለ 4ቱን ትምህርት ቤት ሄጄ አየዋለሁ። ጉብኝት ጠይቁ፣ ይፈቅዳሉ። ርእሰ መምህሯ ስንት ዓመት እንደቆየች ጠይቁ። በየሁለት ዓመቱ ርእሰ መምህር የሚቀያየርበት ትምህርት ቤት ችግር አለበት። ከሕንጻው ጀርባ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ስንት እንደቆሙ ቁጠሩ፤ መጨናነቁን እሱ ይነግራችኋል፣ የመስመር ለውጥ እየመጣ መሆኑንም እንዲሁ። ልጅሽ በሒሳብ ፈጠን ካለ ከፍ ያለ ክፍል የሚሰጡት በምን መለኪያ እንደሆነ ጠይቁ። ልጆቹ ሲለቀቁ በሩ ላይ ቆማችሁ መምህራኑ ልጆቹን እንዴት እንደሚያናግሩ ስሙ። ያንኑ በባለ 9ኙም አድርጉ። ባለ 9ኙ ጋ ሄዳችሁ ወንዱ ልጅ በክፍሉ ብቸኛው ጥቁር ልጅ ሊሆን እንደሚችል ካያችሁ እሱንም አስቡበት። አንዳንድ ልጅ ምንም አይመስለውም። አንዳንዱ ግን ይዘጋል።

የባለ 4ቱ እድገት ጥሩ ከሆነ፣ ርእሰ መምህሯም ከቆየች፣ 480 ሺሁን ቤት ግዙ። ባለቤትሽም ማታ ቤት ይግባ። እድገቱም ደካማ፣ ቀሪውም የበዛ፣ ጉብኝቱም ልባችሁን ያላሳመነ ከሆነ ግን ሁለቱንም ተዉአቸው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ አይደለም። መሀል ላይ፣ 530 ወይም 550 ሺህ አካባቢ፣ ባለ 6 እና ባለ 7 ክልሎች አሉ። ገበያው ላይ ብዙ ሰው የማይሻማባቸው ናቸው፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ፍለጋውን ከ8 በላይ ብሎ ያጣራዋል። እዚያ ውስጥ እድገቱ ጥሩ የሆነ ስታገኙ በእውነት ርካሽ ነገር አገኛችሁ ማለት ነው። ኤምፒዲዩም ጎን ለጎን ተመዝገቡ፣ መመዝገብ አያስከፍልም። ቤቱን ከገዛችሁ በኋላ ትምህርት ቤቱ ለልጁ ካልሆነው ደግሞ ኮሳ የሚሉት የትምህርት ቤት ቅያሪ ማመልከቻ አለ። የተለየ ችግር ወይም እዚያ የሚማር ወንድም እህት ካለ ይታያል። እርግጠኛ ነገር ስላልሆነ ግን እሱን ተማምናችሁ አትግዙ።

የካውንቲው ትምህርት ቢሮ ብዙ ጽሑፎቹን በአማርኛ ያወጣል፣ አስተርጓሚም ያቀርባል። የአድራሻውን ምድብ ስትጠይቁ በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን።

ሳልረሳው፣ ዳውን ፔይመንቱ ውስጥ የዕቁብ ገንዘብ ካለ ከአሁኑ ባንክ አስገቡት። አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻ ሁለት ወር የባንክ መግለጫ ያያል፣ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ከየት እንደመጣም ይጠይቃል። «ዕቁብ ደረሰኝ» የሚለውን የሚረዳ የብድር መኮንን ሁልጊዜ አይገኝም።